የቆርቆሮ ቆፋሪዎች ችሎት

ሪቻርድ ስትሮድ በእንግሊዝ አገር የዴቨን ሰው ነው፤ የፓርላማ አባል ሲሆን የቆርቆሮ ማዕድን ሥራም ነበረው። ቆፋሪዎች ማዕድኑን ባጠቡ ቁጥር ጅረቶች ጠጠርና ደለል እያወረዱ ወደቦቹን ስለሞሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1512 ይህን የሚገታ ሕግ ለፓርላማ አቀረበ። የቆፋሪዎቹ አራት ፍርድ ቤቶች እያንዳንዳቸው 40 ፓውንድ ቀጡት። ከዚያም ሊድፎርድ ግንብ ውስጥ ከምድር በታች አሰሩት፤ በዳቦና በውኃ ብቻ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ።

ቆፋሪዎች የሕዝብ እንደራሴን እስከማሰር የደረሰ ሥልጣን ያገኙት ከቤተ መንግሥት ነው።

በ1201 ንጉሥ ጆን የዴቨንና የኮርንዎል ቆፋሪዎችን የቆየ ልማድ በቻርተር አጸና። በጳጳስም ሆነ በመኳንንት መሬት ቆርቆሮ መቆፈር፣ ለማቅለጫ የሚነደውን የረግረግ አፈር መውሰድ፣ ጅረት ማዞርም ተፈቀደላቸው። ከጭሰኝነት ሙግትም ነጻ ወጡ። የ1305ቱ ቻርተር ደግሞ ከመሬት፣ ከነፍስና ከአካል ጉዳት ክስ በቀር በራሳቸው ችሎት ብቻ እንዲዳኙ ደነገገ። ቆፋሪና የውጭ ሰው ሲካሰሱ የሸንጎው እኩሌታ ከቆፋሪዎች፣ እኩሌታው ከሌላው ወገን ይሰየም ነበር፤ ለዘመኑ ይህ የሚያስመሰግን ፍትሕ ነው።

ዘውዱ ይህን ሁሉ የሰጠው በነጻ አልነበረም። የቀለጠው ቆርቆሮ ወደተወሰኑ ከተሞች ይመጣል፤ ማዕዘኑ ተቆርጦ ጥራቱ ይፈተናል፤ ግብር ተከፍሎበት ማኅተም ሳያርፍበት አይሸጥም ነበር። በኮርንዎል ግብሩ በ50 ኪሎ ገደማ 4 ሺሊንግ ነበር። ከጭሰኝነት ነጻ ያወጣቸውም ለዚህ ነው፤ ባለርስቱ ቆፋሪውን ለእርሻ ቢጠራው ንጉሡ ግብሩን ያጣ ነበር።

የዴቨን ቆፋሪዎች ተወካዮች ዳርትሙር ላይ ክሮከርን ቶር በተባለው ድንጋያማ ኮረብታ፣ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሕግ ያወጡ ነበር። የኮርንዎሎቹም አቅም ትንሽ አልነበረም፤ በ1508 ለሄንሪ ሰባተኛ 1,000 ፓውንድ ከፍለው፣ ያለ 24 ተወካዮቻቸው ስምምነት አዲስ ደንብ እንዳይጫንባቸው አስጸደቁ።

ለጭሰኛው ልጅ ይህ የቆፋሪዎች ሕግ እውነተኛ መጠለያ ሆኖታል። ስትሮድ ላይ ግን ያው ጋሻ በትር ሆነ። ፓርላማው ቅጣቱን ሽሮ፣ አባላት በምክር ቤት ባነሱት ጉዳይ እንዳይከሰሱ ደነገገ፤ የመናገር መብት ታሪክ ሲጻፍ ይህ ሕግ ዛሬም ይጠቀሳል።

የማዕዘን ቆረጣው ግብር በ1838 ቀረ። ችሎቱ በመጨረሻ ዘመኑ የማዕድን ኩባንያዎችን ዕዳና የባለአክሲዮኖችን ክርክር ያይ ነበር፤ በ1896 ተዘግቶ ሥራው ለአካባቢው መደበኛ ፍርድ ቤቶች ተላለፈ።