መኪናው ከነመንገዱ

ወደ አገራችን የገባችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል መንገድ ይዛ አልመጣችም። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የምትባለውን መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ የግመልና የበቅሎ ዱካ እየተከተለ አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ ራሷ ገና ሃያ ዓመት ያለፋት ወጣት ነበረች። አጤ ምኒልክ ተሳፈሩባት፤ ሕዝቡም ወጥቶ አየ። ብዙም ሳይቆይ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። መኪና ተገኘ እንግዲህ። የቀረው ነገር ቢኖር መኪናው የሚሄድበት መንገድ ነበር!

ዛሬ በመጫወቻ መደብሮች የሚሸጠው ዕቃ ታሪኩን ገልብጦታል። ካርቶኑን ሲከፍቱት መኪናው ከነመንገዱ፣ ከነድልድዩ፣ ከነመታጠፊያው ይወጣል። ልጁ መንገድ እስኪሠራለት አይጠብቅም፤ ገጣጥሞ ይነዳል። «የልጅ መጫወቻ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን አለው ባይ ነኝ። እንዲያውም ልጅና መኪና በዚህች ከተማ እንዴት እንደኖሩ የሚነግረን ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ መጫወቻ ነው።

እስኪ ከመንገዱ እንጀምር። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ መንገድ መዳመጫ የእንፋሎት ሞተር አስመጣ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አላት። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከተማው ከሐዲዱ በፊት «ባቡር» የሚለውን ስም ለመዳመጫ ሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ለጦሩና ለገዢነቱ ሲል መንገድ ቀደደ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መኪናዋ ከገባች ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን ልብ ይሏል።

አምስት ኪሎ ይህን ታሪክ በስሙ ተሸክሞታል። ሌላው ሰፈር በጌታው ስም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ በወንዙ ስም ሲጠራ፣ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ የሚጠሩት በመንገድ ልክ ነው። ኪሎው የኪሎ ሜትር ነው። ሰው የሚኖርበትን ቦታ መንገድ በሚለካበት ቁጥር መጥራት የመኪና ዘመን ልማድ ነው። በበቅሎ ዘመን ርቀት የሚለካው በቀን መንገድ ነበር።

ቋንቋችንም እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የመኪና አካላት ስሞችን አስቆጥራቸው ነበር። መኪና የጣሊያን፣ ጎማ የጣሊያን፣ ፍሬን የጣሊያን፣ ካምቢዮ የጣሊያን፣ ቸርኬ የጣሊያን። ሾፌርና ጋራዥ የፈረንሳይ። ከዚህ ሁሉ መሐል የራሳችን ሆነው የቀሩ ሁለት ትልልቅ ቃላት አሉ፤ «መሪ» እና «መንገድ»። መንገድ ደግሞ ዝምድናው ሰፊ ነው። በግእዝ «ነገደ» ሲል ተጓዘም፣ ነገደም ማለት ነው። መንገድ፣ ንግድና እንግዳ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። አባቶቻችን መንገድ ሲሉ ነጋዴና እንግዳ የሚያልፍበት፣ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ማለታቸው ነው እንጂ ቆርቆሮ የሚፈስበት ቦይ ማለታቸው አልነበረም።

እኛ የአምስት ኪሎ ልጆች መንገድን የምናውቀው በዚህ በጥንቱ ትርጉሙ ነበር። ልጅነታችን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። የምናየው መኪና ቮልስ፣ ሴይቼንቶ የምንላት ፊያት 600፣ ኋላ ደግሞ ላዳ ነበር። የምናየውን እንሠራ ነበር። የሽቦ መኪና ለመሥራት ሽቦ ከአጥር፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ከቆሻሻ፣ ጎማ ደግሞ ከተበጠሰ ኮንጎ ጫማ ይቆረጣል፤ ካልተገኘ ቆርኪ ይሆናል። መሪው እስከ ደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው። ሞተሩ አፋችን ነው። ካምቢዮ የሚቀየረውም በአፍ ነው። ኩሽኔታ ያገኘ ልጅ ደግሞ ጌታ ነው፤ ጣውላ ላይ ገጥሞ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደውን ቁልቁለት ይለቀዋል። ፍሬኑ እግሩ ነው፤ ጫማ ካለው ጫማው ያልቃል፣ ከሌለው ተረከዙ።

ይህን የምለው «የድሮ ልጅነት ማር ነበር» ለማለት አይደለም። በኩሽኔታ የተሰበረ እጅም ጥርስም አውቃለሁ። ብዙዎቻችን በሽቦ የምንሠራው ሽቦ ስለሚሻል ሳይሆን የሚገዛ ስለሌለ ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረን፤ መንገዱ። ሰፈር ውስጥ መኪና በሰዓት አንድ ቢያልፍ ነው፤ ሲያልፍ «መኪና!» ብሎ የሚጮህ ልጅ አይጠፋም፣ እንበታተናለን፣ ካለፈ በኋላ እንሰበሰባለን። መጫወቻው ድሃ ነበር፣ መጫወቻ ቦታው ግን የሀብታም ነበር።

በሌላው ዓለም በዚያው ዘመን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ላዮነል የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሐዲድ ላይ የሚሽቀዳደሙ መኪናዎችን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በ1957 እንግሊዞች ስኬሌክስትሪክን አመጡ፤ መኪናው በመንገዱ ላይ በተቀደደ ቦይ ይሄዳል፣ ልጁ ፍጥነቱን በእጁ ይቆጣጠራል። በ1968 ደግሞ ማቴል ሆት ዊልስን ከነብርቱካናማ መንገዱ አወጣ። መንገዱ ተጣጣፊ ፕላስቲክ ነው፤ ከወንበር ላይ ወደ ወለል ዘርግቶ መኪናውን መልቀቅ ነው። ጊዜውን አስተውሉ። መጫወቻው የተስፋፋው የእውነተኛው መኪና ብዛት የእንግሊዝንና የአሜሪካን ልጅ ከመንገድ ወደ ቤት ባስገባበት ዘመን ነው። ከልጁ መንገዱን ወስደው፣ መንገድ በካርቶን ሸጡለት።

አሁን ተራው የኛ ሆነ። የእህቴ ልጅ ልጅ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቱን «ምን ልግዛለት?» አልኳት።

«መኪና ከነመንገዱ ይላል ጋሼ፤ ሌላ አያውቅም።»

«ታች ወርዶ አይጫወትም እንዴ?»

«ታች እኮ መኪና ነው!»

ከዚህ በላይ የከተማ ታሪክ ምን ይጻፋል? ልጁ በመኪና ምክንያት መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ መኪና ይገዛለታል።

መደብሩ ውስጥ ሻጯ ሦስት ዓይነት አወጣችልኝ። አንደኛው በእጅ ተገፍቶ ወይም በቁልቁለት የሚሄድ ነው። ሁለተኛው በባትሪ ነው፤ አንድ ማስፈንጠሪያ መኪናውን እየወነጨፈ በክብ መንገድ ያዞረዋል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ቦዩ ነው።

«ባለ ባትሪው ይሻልዎታል ጋሼ፤ ራሱ ነው የሚሄደው፣ ልጁ ምንም አይለፋም» አለችኝ።

«የምፈልገውማ እንዲለፋ ነው» ስላት ሳቀች።

ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። ራሱ የሚሄድ መኪና ልጁን ተመልካች ያደርገዋል። አንድ ሰሞን ይደነቅበታል፤ ሲሰለቸው ክቡ ያው ክብ ነው፣ ባትሪውም ያልቃል። ባለ ኤሌክትሪኩ ለእጅና ለዓይን ጥሩ ነው፤ ከፍ ላለ ልጅ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ውድድሩ ይቋረጣል። ባለ ቁልቁለቱ የሚፈልገው ከፍታና ሐሳብ ብቻ ነው። መንገዱ ቀለበት ሠርቶ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ትልቅ ትምህርት አለው። መኪናው ቀለበቱን ሳይወድቅ እንዲዞር የሚነሣበት ከፍታ ከቀለበቱ ቁመት ቢያንስ በሩብ መብለጥ አለበት፤ ሰበቃ ስላለ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ይህን ሕግ በአምስት ኪሎው የምህንድስና ትምህርት ቤት በቀመር ያስተምሩታል። ልጁ መጽሐፍ በወንበር ሥር እየደራረበ፣ መኪናው አሥር ጊዜ እየወደቀ፣ በአሥራ አንደኛው ራሱ ይደርስበታል። ያን ጊዜ የሚጮኸውን ጩኸት ባትሪ አይሰጠውም።

ለሚገዛ ወላጅ ሌሎች የምለካባቸውን ነገሮችም ልንገር። መንገዱ ፈርሶ በሌላ ቅርጽ የሚገጠም መሆን አለበት፤ አንድ ቅርጽ ብቻ ያለው መንገድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዳለው መጽሐፍ ነው። መገጣጠሚያውን መደብሩ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ገጥሞ መንቀል ነው፤ እዚያው የሚላላ ቤት ገብቶ አይጠብቅም። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ ተነቅላ የምትዋጥ ጎማ ያለችበት መኪና አይገባም። ባትሪ ካለው መክደኛው በቡሎን የታሰረ ይሁን፤ በተለይ እንደ ቁልፍ የምታንሰው ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች። ቀለሙም ይታይ። በ2007 እ.ኤ.አ. ማቴልን የሚያህል ኩባንያ በቻይና ያሠራትን አንዲት የመጫወቻ መኪና በቀለሟ ውስጥ እርሳስ ስለተገኘ ከገበያ ሰብስቧል፤ በአሜሪካ ብቻ ከ250 ሺህ በላይ። ትልቅ ስም ያለው እንዲህ ከሆነ፣ ስም የሌለውና ሽታው አፍንጫ የሚቆርጠው ፕላስቲክ ምን ሊሆን ነው?

ባለ ቁልቁለቱን ገዛሁ። ነገር ግን ስለ ዕቃው ይህን ያህል ካወራን ስለ ቦታውም ማውራት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ፈርሰው፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛ መሄጃው አምሮ አይተናል። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩት አዞረን። ጥሩ ነው፤ አየሩ ይጠራል። ሆኖም ኤሌክትሪኩም ለልጅ ያው መኪና ነው። እንዲያውም ድምፅ የለውም፤ «መኪና!» ብሎ የሚጮኸው ልጅ ሳይሰማው ይደርሳል።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም የተመረጡ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ ሲጫወቱና ሲንሸራተቱ አይተን ነበር። ያን ቀን ያየሁት ደስታ ከየትኛውም ካርቶን አይወጣም። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ግእዝ የሚያውቅ ይመስለኛል። ለዓመት ጥቂት ቀን የተቻለ ነገር፣ በአንድ ሰፈር አንዲት የውስጥ መንገድ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለምን አይቻልም? የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስለ ጥበቃና ስለ ውኃ ታንከር ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ መኪና የሚቆምበትን ግቢ ግማሹን ለልጆች መልቀቅም አጀንዳ ይሁን። መሐንዲስ አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም። ሁለት ድንጋይና አንድ ገመድ ይበቃል።

የመጀመሪያዋ መኪና ስትመጣ መንገድ የሠራንላት ቦታ ስለሰጠናት ነው። ለልጆቻችን ግን መኪናውንም መንገዱንም ገዝተን፣ ቦታውን ነፈግናቸው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ግዙላቸው፤ አብራችሁም ገጥሙ። ሲሰለቻቸው ግን በሩን ክፈቱና ይዛችኋቸው ውረዱ። ከታች ያለው መንገድ የነሱም ነው።