ስለ ዲስክ ጎልፍ ፓተር አመራረጥ፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

ስለ ዲስክ ጎልፍ ልጽፍ መነሣቴን በነገርሁት ጊዜ ከጓደኞቼ አንዱ «መጫወቻ ደግሞ ታሪክ አለውን?» ሲል ጠየቀኝ። ለፌዝ የተጠየቀ ቢሆንም ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ጦርነትና ውል፥ ሹመትና ሽረት በወረቀት ስለሚሰፍሩ ታሪክ ጸሐፊው የሚይዘው አያጣም። ሰው አንድን ዕቃ በእጁ ዳስሶ፥ በዐይኑ አይቶ «ይህ ይሻለኛል» ያለበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ርእሱን የመረጥሁት ስለዚሁ ነው። ያልተጻፈው ምርጫ ከደንብ፥ ከፈጠራ መብት ሰነድና ከዕቃው ከራሱ ሊገኝ ይችል እንደ ሆነ ለመመርመር አስቤአለሁ።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ዲስክ የሚባለውን ዝርግ ክብ የፕላስቲክ ሳህን ከተወሰነ ቦታ ተነሥቶ በመናፈሻ ዛፎች መካከል እየወረወረ፥ በምሰሶ ላይ ወደ ቆመና ሰንሰለት ወደ ተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ያደርሳል። በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። እንደ ጎልፍ ዱላ ሁሉ ዲስኩም በየዓይነቱ ነው፤ ጠርዙ የሰላው ለሩቅ፥ መካከለኛው ለመቃረቢያ ሲሆን፥ ጠርዙ ደነዝ የሆነው፥ ስሙን ከጎልፍ ወስዶ ፓተር የሚባለው፥ ቅርጫቱ አጠገብ ከደረሱ በኋላ ለማስገባት ያገለግላል። ፓተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ተጫዋች ጠርዙን በጣቱ ይጫነዋል፤ አጥፎ ይለቀዋል፤ ፊቱን በአውራ ጣቱ ያሻሸዋል፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ቀለሙን ይመለከታል። ያየው ሰው በገበያ መካከል ብርቱካን የሚመርጥ ይመስለዋል። ይህ ልማድ የቅብጠት ነገር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ልማዱ በታወቀ ጊዜና በታወቀ ምክንያት የመጣ ነው እላለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሳህኑ ቆርቆሮ ነበር። በአሜሪካ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት፥ ብሪጅፖርት በተባለች ከተማ፥ በ1871 የተቋቋመው የፍሪስቢ የፓይ መጋገሪያ ኩባንያ ኬኩን የሚሸጥበትን ቆርቆሮ የዬል ተማሪዎች ይወራወሩበት ነበር ይባላል። ፍሬድሪክ ሞሪሰን የተባለው የካሊፎርኒያ ሰው ደግሞ በ1937 ከአንዲት ወዳጁ ጋራ (በኋላ ሚስቱ ሆናለች) የፈንዲሻ ጣሳ ክዳን ሲወራወር ቆይቶ ወደ ኬክ መጋገሪያ ሳህን ተሻገረ። በባሕር ዳር ሲጫወቱ ያየ አንድ ሰው አምስት ሳንቲም የሚሸጠውን ሳህን በሃያ አምስት ሳንቲም ልግዛ ስላለው፥ ሞሪሰን ነገሩ ንግድ ሊሆን እንደሚችል ተረዳ። ቆርቆሮ ግን ይጎረብጣል፤ ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። በ1948 ሞሪሰን ከዋረን ፍራንሲዮኒ ጋራ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሳህን አወጣ፤ በ1955 ፕሉቶ ፕላተር የሚባለውን ሠራ፤ ይህንንም ዋም-ኦ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ በ1957 ወስዶ በዚያው ዓመት ፍሪስቢ የሚል ስም ሰጠው።

በዚህ ላይ ስለ ፕላስቲኩ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ፖሊኤቲሊን በ1933 በእንግሊዝ አገር የኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይታሰብ የተገኘ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለራዳር ሽቦ መሸፈኛ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎቹ ገዢ ፈለጉ። ዋም-ኦ በ1958 ያወጣው የወገብ ቀለበት፥ ሁላ ሁፕ የሚባለው፥ ከዚሁ ከፖሊኤቲሊን ወገን በሆነ ፕላስቲክ ተሠርቶ በብዙ ሚሊዮን ተሸጧል። እንግዲህ በዚህ ዘመን የሳህኑ መለስለስ ዋጋ ያገኘው ሕፃናትን እንዳይጎዳና ቶሎ እንዳይሰበር ነው እንጂ ውርወራን እንዲያሳምር ታስቦ አይደለም።

በ1964 ወደ ዋም-ኦ የገባው ኤድ ሄድሪክ የሳህኑን ፊት በክብ መስመሮች አሸንትሮ በ1967 የፈጠራ መብት አወጣ። ሰነዱ የሚናገረው ስለ አየር ነው፤ መስመሮቹ በሳህኑ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ እንዴት እንደሚለውጡት። ነገር ግን ሳህኑን ለያዘ ሰው አውራ ጣቱ የሚያርፈው በእነዚያው መስመሮች ላይ ነው። ስለ እጅ ጉዳይ ከሰነዱ ይልቅ ዕቃው ራሱ የበለጠ እንደሚመሰክር ከዚህ ይታያል፤ ታሪክን ከወረቀት ብቻ የምናጠና ሁሉ ልብ ልንለው ይገባናል።

ፓተር የሚመረጥበትን መንገድ የለወጠው ግን ሰንሰለት ነው። ቀድሞ የጨዋታው ዒላማ ዛፍ፥ የመብራት ምሰሶ ወይም የቆሻሻ በርሜል ነበር። በ1975 በፓሳዲና አቅራቢያ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ሲከፈት እንኳ ዒላማዎቹ ምሰሶዎች ነበሩ። ምሰሶን ለሚመታ ሳህን የሚፈለግበት መንካት ብቻ ነው። ጠንካራ ሆነ ለስላሳ፥ ከነካ በኋላ ወዴት እንደሚነጥር ማንም አይጨነቅም። ነክቶአል አልነካም እየተባለ ክርክር ስለ በዛ፥ ሄድሪክ ሰንሰለት ከላይ የተንጠለጠለበት፥ ከሥሩ ቅርጫት ያለው ዒላማ ሠርቶ በ1977 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ከዚህ ወዲያ ሳህኑ መምታት ብቻ ሳይሆን መቆምም ተፈለገበት። ሰንሰለቱን መትቶ ወደ ኋላ የነጠረ፥ ወይም በመካከሉ ሾልኮ በሌላ ወገን የወጣ ሳህን ውርወራው ከንቱ ነው። ስለዚህ «ይህ ፕላስቲክ ይነጥራል ወይስ ይረጋል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሊጠይቀው ምክንያት አልነበረውም።

ሁለተኛው ለውጥ በ1983 መጣ። ዴቭ ደኒፔስ ጠርዙ እንደ ስለት የቀጠነ ዲስክ አሠራ፤ እርሱና ባልደረቦቹም ኢኖቫ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ስለታሙ ዲስክ በርቀት የቀድሞውን ፍሪስቢ እጅግ በለጠው። ከዚህ የተነሣ ሩቅ መብረር የስለታሞቹ ሥራ ሆነና፥ ደነዝ ጠርዝ ያለው ዲስክ ከርቀት ግዴታ ነፃ ወጣ። የቀረው ሥራ ከእጅ በቀና ሁኔታ መለቀቅና በሰንሰለቱ መያዝ ብቻ ነው። በሁለቱም ሥራ ላይ የፕላስቲኩ ጠባይ ከቅርጹ የማያንስ ድርሻ አለው።

ዛሬም ለአዲስ ተጫዋች እንግዳ የሚሆነው የዋጋ ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ርካሹ ፕላስቲክ ለስለስ ያለ፥ ቶሎ የሚፋቅና የሚጫጫር ነው። ውድ የሆነው፥ በተለይ ፖሊዩረቴን የሚገባበት፥ ዛፍ ቢመታም የማይጎዳ፥ አንዳንዱም እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ለሩቅ ውርወራ ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ውዱን ይመርጣል። ለፓተር ግን ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ርካሹን ይይዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፓተር በቅርብና በዝግታ ስለሚወረወር አይሰባበርም፤ ርካሹ ፕላስቲክም ጠመኔ የነካ እጅ የሚመስል ድርቀት ወይም ጥቂት የሚይዝ ፊት ስላለው ከጣት አያንሸራትትም። እየተፋቀ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ ይይዛል። አሥራ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬን ክላይሞ በስሙ መጀመሪያ ፊደላት ኬሲ ፕሮ ተብሎ የተሰየመው አቪያር ፓተር ጸና ያለና እንዲህ የሚይዝ ፕላስቲክ ነው። በዚህ ጨዋታ የዋጋ መሰላልና የጥቅም መሰላል የሚለያዩት በፓተር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ተጫዋቹ ያልወደደውን ዕቃ እንደ ፈለገ ማስተካከል ይችል ቢሆን ኖሮ ምርጫው ይህን ያህል ክብደት ባልኖረው። በ1976 የተመሠረተው የባለሙያ ዲስክ ጎልፍ ማኅበር ደንብ ግን ዲስክን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በረራውን በሚለውጥ መንገድ መነካካት ይከለክላል፤ የተፈቀደው በአገልግሎት ብዛት የመጣውን ጭረት በመጠኑ ማለስለስ ነው። ስለዚህ እጅ የሚስማማውን ከመምረጥ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ደንቡ መጠኑንም ወስኖአል፤ ስፋቱ ከ21 ሳንቲ ሜትር አያንስም፤ ክብደቱ በያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ስፋት ከ8.3 ግራም አይበልጥም። ይህ ሲባዛ ትንሹ ዲስክ ከ174 ግራም ጥቂት ማለፍ ብቻ ይችላል ማለት ነው። ስለ ግትርነት ደግሞ ጠርዙን ለማጠፍ የሚጠየቀው ኃይል ከ12.25 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ታዝዞአል፤ ይህም የወጣው በመናፈሻ የሚመላለስ ሰው ቢመታ እንዳይጎዳ ነው። አንባቢው የሚያስተውለው ደንቡ ከላይ እንጂ ከታች ወሰን እንዳላበጀ ነው። የፈለጉትን ያህል ማለስለስ ይቻላል፤ ፋብሪካዎቹም ይህን በር አላለፉትም። በሴንት ሉዊስ የሚገኘው ጌትዌይ የተባለው ኩባንያ ዊዛርድ የሚለውን ፓተር ከጠንካራው ጀምሮ እጅ ላይ እስከሚተጣጠፈው ድረስ በብዙ ደረጃ ያወጣል። ኤም ቪ ፒ የተባለውም ኤሌክትሮን በሚለው ፕላስቲክ ለስላሳ፥ መካከለኛና ጽኑ እያለ ይሸጣል።

ተጫዋቾቹ በዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። ለስላሳውን የሚወዱት፥ ሰንሰለቱን ሲመታ ስለሚለመጥ ኃይሉን ውጦ ይቀራል፥ ጫፉን ቢነካ እንኳ ወደ ውስጥ ይወድቃል ይላሉ። ጽኑውን የሚወዱት ደግሞ፥ ለስላሳ ሳህን ከጣት ሲለቀቅ ጥቂት ስለሚታጠፍ አለቃቀቁ አንድ ዓይነት አይሆንም፥ ስለዚህ ወደ ሰንሰለቱ መድረሱ ራሱ ያጠራጥራል ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ በበኩሌ ያስተዋልሁት፥ ክርክሩ የሚመስለው ስለ አንድ ጥያቄ ቢሆንም በእውነቱ ስለ ሁለት ቅጽበቶች መሆኑን ነው፤ አንዱ ስለ መልቀቅ፥ ሌላው ስለ መቆም ይናገራል። የአየሩ ጠባይም ይገባበታል። ፕላስቲክ በብርድ ይደነድናል፥ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በበጋ የሚይዙትን ፓተር በክረምት በለስላሳው የሚለውጡ ተጫዋቾች በዚህ ምክንያት ነው።

መልክን በሚመለከት ብዙ አላትትም። ደማቅ ቀለም በሣርና በቅጠል መካከል የጠፋን ዲስክ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ይህ የዐይን ሥራ እንጂ የጌጥ ፍቅር አይደለም። በፊቱ ላይ የሚታተመው ሥዕል ግን የገንዘብ ነገር አለበት። ኩባንያዎች የተጫዋቹን ስም አትመው ከሽያጩ ድርሻ ይከፍሉታል፤ ፖል ማክቤዝ በ2021 ከዲስክራፍት ጋራ ለአሥር ዓመት የተዋዋለው አሥር ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ፖሊዩረቴን ገዝተው በቀለም የሚነክሩና የሚሰበስቡም ብዙ ናቸው። ርካሹ ፕላስቲክ ያንን ቀለም በደንብ አይቀበልም። እንዲህ በመሆኑ እጅ የሚወደውና ዐይን የሚወደው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ በመልክ የመረጠ ሰው ለመደርደሪያው፥ በመዳሰስ የመረጠ ለቅርጫቱ ይገዛል።

በዚያው በ2021 በዩታ ክፍለ ግዛት በኦግደን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፥ በመጨረሻው ቅርጫት ላይ ማክቤዝ በአንድ ውርወራ ይመራ ነበር። ጄምስ ኮንራድ ከ247 ጫማ፥ ማለት ከ75 ሜትር ያህል፥ ወርውሮ አስገባና እኩል ሆኑ፤ በመለያውም ጨዋታ አሸነፈ። የወረወረው የሩቅ ዲስክ ሳይሆን ኖማድ የተባለ ፓተር ነበር። ያን ያህል ርቆ የሄደን ሳህን የያዘው ያው የሄድሪክ ሰንሰለት ነው።

ይህን ነገር የሚያጠና ሰው የሚገጥመውን ችግር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበትን የብረት ቅርጽ ባለሙያዎቹ ሞልድ ይሉታል፤ ማኅበሩ የሚያጸድቀውና በመዝገብ የሚያሰፍረው ሞልዱን ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ስፋት፥ ቁመት፥ የጠርዝ ጥልቀት፥ እንዲሁም ግትርነት በኪሎ ግራም ይገኛል። ነገር ግን ያ የግትርነት ቁጥር ለምርመራ የቀረበው የናሙናው ነው፤ በዚያው ሞልድ በኋላ ለስላሳም ጽኑም፥ ርካሽም ውድም ፕላስቲክ ይፈስበታል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በአንድ ውድድር «አቪያር ወረወረ» የሚል ብቻ ብናገኝ፥ በእጁ የነበረው ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ነበረ አናውቅም። ወደ ፊት የውድድር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከሞልዱ ስም ጋራ የፕላስቲኩን ስም፥ ከተቻለም የዕለቱን የአየር ሙቀት አብረው ቢመዘግቡ፥ ከኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሱቅ ውስጥ ጠርዝ የሚጫነው ተጫዋች ምን ይፈልግ እንደ ነበረ ከሰነድ ሊያገኝ ይችላል።