የየጁ ሠርቶ አደር በመዝገብ ፊት

ከመቶ ዓመት በፊት በወልዲያ፣ በመርሳ ወይም በሐብሩ ገጠር የተወለደ አራሽ ልደቱን የመዘገበለት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ጋብቻውም ሞቱም በመንግሥት ደብተር አልገቡም። ስሙ ግን ከወረቀት ጨርሶ አልራቀም፤ ግብር ሲከፍል፣ ለጎረቤቱ ዋስ ሲሆን፣ በርስት ክርክር ሲመሰክር፣ ሲዘምት፣ በችግር ዘመን እህል ሲሰፈርለት ተጽፏል። የጻፉት ሰዎች ከእርሱ የሚፈልጉት ወይም ለእርሱ የሚሰጡት ነገር ነበራቸው፤ የሕይወት ታሪኩ አላሳሰባቸውም። በዚህ ምክንያት የአንድ ተራ ሠርቶ አደር ሕይወት በየጁ ሲፈለግ፣ ወረቀቱ የያዘውን ቤተሰቡ በቃል ከያዘው ጋር እያመሳከሩ ማንበብ ግድ ይላል።

አስቀድሞ የአገሩን የድሮ ስም ማወቅ ይጠቅማል። ሰሜን ወሎ ዞን የሚለው ስያሜ የ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ፋይሎች የሚገኙት በየጁ አውራጃ ስም ነው፤ እስከ አብዮቱ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ከአብዮቱ ወዲህ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር። የአውራጃው ዋና ከተማ ወልዲያ ነበረች። ሐብሩ በደቡብ ከሚሌ ወንዝ፣ በሰሜን ከአላውሃ፣ በምሥራቅ ከአፋር ይዋሰናል። የደጋው፣ የወይና ደጋውና የቆላው ሰው በገበያም በጋብቻም ስለሚገናኝ የአንድ ቤተሰብ ወረቀት ከአንድ ወረዳ በላይ ተበትኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከቤት፣ ከትውልድ ቆጠራ ነው። አንድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሚጠራ የቅድመ አያቱ ስም ከአባቱ ወረቀት ላይ ይወጣል። በቃል ግን ትውልዱ ከዚያ እጅግ ይርቃል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይፈቀድም፤ ሽማግሌዎች ከቅድመ አያት አልፈው እስከ ምንጅላትና እንጅላት የሚዘልቁት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ርስት ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው ምድሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ዘሩን ያለ ስህተት መቁጠር ነበረበት። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ የርስት ቆጠራ ሴቶችን አይዘልልም። ከግብር ወረቀት ላይ የማይገኙ አያቶችና ቅድመ አያቶች በዚህ ቆጠራ ውስጥ በስማቸው ይጠራሉ፤ ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም።

ቆጠራው የራሱ እንቅፋት አለው። ክርስቲያኑ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ በግብር ደረሰኝ ላይ ያለው ሰውና በፍትሐት ጸሎት ላይ የሚጠራው ሰው ሁለት ሊመስሉ ይችላሉ። ወሎ ውስጥ ደግሞ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ተዋልዷል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባካሄዱት ጉባኤ ማግሥት የወሎው መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተብለዋል፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው። የመኳንንቱ ስም ለውጥ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። የአራሹ ግን ያልተጻፈ በመሆኑ፣ አያቱ በእስልምና ስም ልጁ በክርስትና ስም ሲገኙ፣ ወይም ነገሩ ተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ትውልዱ የተቋረጠ ይመስላል። የሙስሊም ቤተሰቦች የኒካህና የውርስ ጉዳይ የሚገኘው በቃዲ ፊት ነው፤ የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች በሕግ ታውቀዋል። ፊደል በገባበት ቤት የልጆች ልደት በዳዊት ወይም በቁርዓን ባዶ ገጽ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

የልደት ዘመን የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በደረሰው ነገር ነው። እገሌ የተወለደው በክፉ ቀን ነው ከተባለ፣ የከብት እልቂትና ረኃብ አገሩን የመታበት የ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሰገሌ ዘመቻ ከተባለ 1909፣ በኅዳር በሽታ ከተባለ 1911፣ በማይጨው ከተባለ 1928፣ ጣሊያን ሲወጣ ከተባለ 1933 ዓ.ም. ነው። ይህ አቆጣጠር በኋለኛው ዘመን በቀበሌ መታወቂያ ላይ ከሰፈረው ዕድሜ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው። መታወቂያ የሚጽፈው ሰው በግምት ይሞላል፤ በሕዝብ ቆጠራም በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ በጣም በዝተው መታየታቸው የግምቱን ስፋት ያሳያል። ሁለት ወረቀቶች በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ አሥር ዓመት ቢለያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ መደምደም አይገባም።

ከወረቀቱ ሁሉ የበለጠ የሚናገረው የግብር ደረሰኝ ነው። ገበሬው ደረሰኙን በጨርቅ ቋጥሮ በሙዳይ ወይም ከጣሪያ ሥር ያስቀምጠው የነበረው ለመሬቱ ዋናው ማስረጃ እርሱ ስለነበረ ነው። አሥራት በ1885 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ከተደነገገ በኋላ ምርቱ በዐይን እየተገመተ ከአሥር አንዱ ይወሰድ ነበር። ከጣሊያን በኋላ የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ክፍያውን በገንዘብ አደረገው፤ የተለካውን መሬትም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፈለው። በ1940 የትምህርት ግብር፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጤና ግብር ተጨመረበት። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ የጠፋ ደረሰኝ ቢገኝ በላዩ ላይ ከተዘረዘሩት የክፍያ ዓይነቶች ዘመኑን መገመት ይቻላል። በወረቀቱ ላይ የሚገኙትን የግብር ስሞች ለመፍታት የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» እና የገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅ «የኢትዮጵያ መሬትና ግብር ስም» ዛሬም ተወዳዳሪ የላቸውም።

ደረሰኝ ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ርስቱ በአባት ወይም በአያት ስም ተመዝግቦ ከቆየ ወራሾቹ በሟቹ ስም መገበራቸውን ይቀጥላሉ። የ1950ዎቹ ደረሰኝ ላይ ስሙ የሚነበበው ሰው ከማይጨው በፊት ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና የከፋው የጭሰኛው ነገር ነው። በተለይ በቆላው የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስ ሰው ብዙ ነበር። ግብሩ ከእርሱ ላብ ይወጣል፤ ወረቀቱ ግን የባለመሬቱን ስም ይይዛል። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው በግብር መዝገብ አንድ ጊዜ እንኳ ላይገኝ ይችላል። የጭሰኛን ሕይወት የሚፈልግ ሰው ስለዚህ የባለመሬቱን ስም ከቤተሰቡ ጠይቆ በዚያ ስም ፋይል መፈለግ አለበት።

ጭሰኛም ሆነ ባለርስት በፍርድ ቤት ይገናኛል። በ1940 ዓ.ም. አካባቢ ከተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ ጀምሮ እስከ ምክትል ወረዳ፣ ወረዳና አውራጃ ፍርድ ቤት ድረስ ክርክር የማያጣው አገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ አቅም ያላቸው ናቸው፤ ተራው ሰው የሚገኘው ከመዝገቡ ግርጌ፣ በምስክርነትና በዋስነት ነው። እዚያ ላይ ስሙ፣ የሚኖርበት ቀበሌ፣ ሥራው፣ በግምት ዕድሜውና የአውራ ጣቱ አሻራ ይገኛል። የምስክር ቃል ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ወሰኑን እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ ከማን ጋር እንዳደገ፣ ለማን ከብት እንደጠበቀ፣ በየትኛው ዓመት እንዳረሰው ይናገራል። አንድ ተራ ሰው ስለራሱ ሕይወት በአንደኛ መደብ የተናገረው ቃል በጽሑፍ የሚገኝበት ቦታ ከዚህ ሌላ እምብዛም የለም። ማመልከቻው ግን በራፖር ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ስለሆነ በውስጡ ያለው የልመና ቃል የባለጉዳዩ እንዳልሆነ ማሰብ ይገባል።

ጦርነት የተለየ ዓይነት ወረቀት ትቷል። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው የተመለሰው ሰራዊት በዚህ አገር አልፏል፤ ሚያዝያ ላይ ጣሊያን ደሴን ያዘ። ከአሥመራ በደሴ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ በወልዲያና በመርሳ ሲሠራ ድንጋይ የፈለጠ፣ አፈር የጫነ የአካባቢው ሰው ብዙ ነበር። የእነዚህ ሠራተኞች ታሪክ ከመዝገብ ይልቅ በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ይገኛል። በአርበኝነት የተዋጋ ሰው ከነጻነት በኋላ የአርበኝነት ሜዳይ ከተሰጠው፣ በላዩ ላይ ያለው የዘንባባ ቁጥር የተዋጋበትን ዓመት ያመለክታል፤ ባለ 5 ዘንባባ የሆነ አርበኛ አምስቱንም ዓመት በዱር ያሳለፈ ነው።

ከ1940ዎቹ ወዲህ ሠርቶ አደሩ ከእርሻ ውጭም ይገኛል። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና የቀን ሠራተኛ ይቀጥር ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በቻይናዎች የተሠራው የወልዲያ–ወረታ መንገድም እንዲሁ የአካባቢውን ጉልበት ተጠቅሟል። ሌላው ወደ ቆላ ወረደ፤ በ1950ዎቹ በታችኛው አዋሽ በተከፈተው የተንዳሆ እርሻ ጥጥ ለመልቀም፣ ወደ ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ፣ ወደ አሰብ ወደብ ሸክም ለመሸከም። ለወቅት ሥራ የሄደ ሰው ቋሚ ፋይል አይኖረውም። ከአሰብ ወደ ቤተሰቡ የላከው ደብዳቤ ወይም ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣው ምስል፣ ከጀርባው ቦታና ቀን ከተጻፈበት፣ ከማንኛውም የድርጅት መዝገብ የተሻለ ማስረጃ ይሆናል።

መዝገቡ ዝም የሚለው ሕይወት በጣም በከበደበት ጊዜ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ የየጁና የራያ ቆላ ክፉኛ ተመታ፤ ሰው ወደ ደሴ–መቀሌ መንገድ ወጥቶ በከተሞቹ ዳር ሰፈረ። በሽታ በገባባቸው መጠለያዎች የሞተው ሰው ስሙን የሚጽፍለት አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት ግን በገበያና በመሬት ወረቀት ላይ ይታያሉ፤ በሬ የተሸጠበት፣ መሬት በወለድ አገድ የተያዘበት ውል ሲበዛ ረኃቡ እየቀረበ እንደነበር ያሳያል። ደሳለኝ ራህመቶ በጎረቤት አምባሰል ባደረጉት ጥናት ገበሬው ቤቱን ከመልቀቁ በፊት በደረጃ የሚወስዳቸውን እርምጃዎች በዝርዝር ጽፈዋል፤ ጄምስ ማካን ደግሞ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን የሰሜን ወሎ ገጠር ታሪክ ሲጽፉ የሽማግሌዎችን ቃል ከመዛግብት ጋር አስተባብረዋል። በ1977ቱ ረኃብ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የራሽን ዝርዝርና የሰፈራ ምዝገባ ተጨመረ። በሰፈራው 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጉዟል፤ አብዛኛው ከወሎ ነበር። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያይተው መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ ስለደረሱ ከየጁ ትውልድ ላይ በድንገት የጠፋ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ሞተ ከማለት በፊት በዚያ መጠየቅ ለሟችም ለሕያውም ፍትሕ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም የመሬት መዝገብ ላይ አወጣው። የገበሬ ማኅበር አባላት ዝርዝር፣ የፍርድ ሸንጎ ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት ድልድል ደብተር ከዚያ ወዲህ ናቸው። በ1975 የታወጀው ብሔራዊ ውትድርናም የወጣቶችን ስም አስመዝግቧል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ፣ የማሳውንም አዋሳኞች በአራቱ ማዕዘን ይይዛል። ከአዋሳኞቹ ስም የወንድማማቾች ክፍፍል ሊነበብ ይችላል። በ1997 የጀመረው የሴፍቲኔት ዝርዝር ደግሞ አቅም ያነሰውን ቤተሰብ ከነአባላቱ ቁጥር ያሳያል።

ሞት በወሎ የቅሬ ጉዳይ ነው። ቅሬ ሬሳ የሚያነሣ፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ፣ አባሉን የሚቀጣና የሚያስታርቅ የሰፈር ማኅበር ነው፤ ደብተር በሚይዝበት ቦታ የአባሉን መዋጮና የቤተሰቡን ሞት በተከታታይ መዝግቦ ይገኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ቁጥር 3361 ሥራውን በትእዛዝ እስኪወሰን ድረስ አዘገየው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመሩት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ግማሽ ምዕት ዓመታት የአንድ ተራ ሰው የሞት ቀን የሚገኘው በቅሬ ደብተር፣ በተዝካር ወይም በሰደቃ ትዝታ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዛ በቆየችበት ጊዜ ብዙ የሕዝብ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። አንድ ፋይል በወረዳ ሲጠፋ ግልባጩ የሚፈለግባቸው ቦታዎች አሉ። ይግባኝ የተባለበት የርስት ክርክር ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባና ወደ ዙፋን ችሎት ይወጣ ስለነበር የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የማዕከላዊ መንግሥት ደብዳቤዎች በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በወልደ መስቀል ታሪኩ መታሰቢያ ማዕከል ተቀምጠዋል። የግብር ደረሰኝ አንዱ ቅጂ ከፋዩ ዘንድ፣ ቀሪው ግምጃ ቤት ይቆያል፤ ግምጃ ቤቱ ካልተረፈ በሙዳይ ያለው ቅጂ ብቸኛው ይሆናል።