ራጅ፣ ሕግና የታካሚው ፈቃድ

ሮንትገን ራጅን በ1895 እ.ኤ.አ. ሲያገኝ ጉዳቱን የሚያውቅ አልነበረም። የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ እጆቹ በጨረር ተጎድተው በ1904 እ.ኤ.አ. ሞተ። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በእርግዝና ወቅት የሚነሣ ራጅ ከሕፃናት ካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው አመለከቱ።

በአገራችን ሕጉ ለታካሚው መብት ዕውቅና የሰጠው ጨረሩን መቆጣጠር ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20፣ በሕግ ከታዘዘ ምርመራ በቀር፣ ማንኛውም ሰው አልመረመርም የማለት መብት እንዳለው ደነገገ። ብሔራዊ የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን የተቋቋመው ግን በ1986 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 79 ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥ ያስቀጣል።

እነዚህ አንቀጾች በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የሚፈተኑት በቋንቋ ነው። ከበበቃ ወይም ከቴፒ ቡና እርሻ የመጣች ለቃሚ ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ብቻ ትናገር ይሆናል። ባለሙያው በአማርኛ «እርጉዝ ነሽ?» ሲላት አንገቷን ብትደፋ፣ መልሷ እምቢታ ይሁን ኀፍረት ወይም አለመረዳት አይለይም። ባሏ ወይም ጎረቤቷ ካስተረጎመላት ደግሞ ምስጢሯ ከክፍሉ ሳትወጣ ይወጣል።

ስለዚህ ቋንቋዋን የምታውቅ የሆስፒታሉ ባልደረባ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ የመጨረሻው የወር አበባዋ ቀን ይመዝገብ፤ ጥርጣሬ ካለ ራጁ ከመነሣቱ በፊት ላዘዘው ሐኪም ይነገር። እኛ ሐኪሞችም የትእዛዝ ወረቀቱን ከመጻፋችን በፊት ይህንኑ እንጠይቅ። ያልተረዳችውን ነገር ፈቅዳለች ማለት አይቻልምና።