ሦስት ሳንቲም የማይሞላ መብራት፡ የቼላን ካውንቲ ታሪፍ ከየት መጣ?

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ሲያትል ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የካስኬድ ተራሮችን የተሻገረ መንገደኛ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጉዞ በኋላ ዌናቺ የምትባል አነስተኛ ከተማ ይደርሳል፡፡ የቼላን ካውንቲ ዋና ከተማ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ 79 ሺሕ ገደማ ነበር፡፡ አካባቢው በፖም እርሻው ይታወቃል፡፡ በኤሌክትሪክ ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ግን ቼላንን የሚያውቀው በፖም አይደለም፤ በመላው አሜሪካ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት የመኖሪያ ቤት ታሪፎች አንዱ የሚከፈልበት ቦታ ስለሆነ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. እስከ 2019 በነበረው ታሪፍ የቼላን ነዋሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.7 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በዚያ ላይ በየወሩ 7 ዶላር ከ70 ሳንቲም መደበኛ ክፍያ ይከፍል ነበር፡፡ በወር 1 ሺሕ ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤተሰብ ሒሳቡ 34 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይመጣለታል ማለት ነው፡፡ በዚያው ዓመት የአገሪቱ አማካይ 13 ሳንቲም ገደማ ስለነበረ ያንኑ ያህል ኃይል ሌላ ቦታ የተጠቀመ ቤተሰብ 130 ዶላር ያህል ይጠየቅ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ የቼላን ታሪፍ በትንሽ በትንሹ ጨምሯል፤ የአገሪቱ አማካይም አብሮ ስለወጣ ልዩነቱ አልጠበበም፡፡

ርካሽነቱን በወንዙ ብቻ መግለጽ ይቀናል፡፡ የኮሎምቢያ ወንዝ ከካናዳ ተራሮች በረዶ እየቀለጠ የሚሞላ፣ ውኃውም ቁልቁለቱም ለኃይል ማመንጫ የተመቸ ወንዝ ነው፡፡ ነገር ግን ወንዙ ብዙ አካባቢዎችን ያቋርጣል፣ ሁሉም ግን ይህን ታሪፍ አያገኙም፡፡ ዋናው ጉዳይ ግድቡ የማን ነው የሚለው ነው፡፡

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአሜሪካ የግል ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ወደ ገጠር መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ይሉ ነበር፡፡ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ የእርሻ ቤቶች መካከል ኤሌክትሪክ የነበራቸው ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ፡፡ በዋሽንግተን ግዛት ግሬንጅ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር ይህን አልቀበልም ብሎ ጉዳዩን በፊርማ አሰባስቦ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1930 መራጩ ሕዝብ ሕጉን አጸደቀ፤ ካውንቲዎች በራሳቸው ድምፅ የሕዝብ ኤሌክትሪክ ድርጅት እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው፡፡ በአጭሩ ፒዩዲ ይባላል፡፡ ባለ አክሲዮን የለውም፣ ለማዘጋጃ ቤትም አይታዘዝም፡፡ የሚመራው ነዋሪው በቀጥታ በሚመርጣቸው ኮሚሽነሮች ሲሆን በቼላን እነዚህ አምስት ናቸው፡፡ ታሪፍ የሚወስኑት እነሱ ስለሆኑ ሒሳቡ የበዛበት ነዋሪ በስብሰባቸው ላይ ተገኝቶ ፊት ለፊት ይጠይቃቸዋል፤ ካልጣሙትም በሚቀጥለው ምርጫ ያወርዳቸዋል፡፡

የቼላን ፒዩዲ በ1936 ቢቋቋምም ኃይል ማከፋፈል የጀመረው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1947 ነው፡፡ ቀጥሎ የወሰዳቸው እርምጃዎች ግን ፈጣን ነበሩ፡፡ በ1955 የቼላን ሐይቅን አነስተኛ ግድብ፣ በ1956 ደግሞ ሮክ አይላንድ የተባለውን ግድብ ከግል ኩባንያዎች ገዛ፡፡ ሮክ አይላንድ በ1933 የተጠናቀቀ፣ የኮሎምቢያን ወንዝ ከዳር እስከ ዳር በመዝጋት የመጀመሪያው ግድብ ነው፡፡ በዚያው በ1956 ሮኪ ሪች የተባለውን ትልቁን ግድብ መሥራት ጀመረ፤ በ1961 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፡፡ የሦስቱ አቅም ሲደመር 2 ሺሕ ሜጋ ዋት ገደማ ይደርሳል፡፡ ሰማንያ ሺሕ ለማይሞላ ሕዝብ!

ለመሆኑ የፖም ገበሬዎች ካውንቲ ይህን ሁሉ ግድብ በምን ገንዘብ ሠራ? በቦንድ ነው፡፡ የቦንድ ገዢዎችን ያሳመነው ደግሞ ግንባታው ሳይጀመር ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር የተፈረመ የረጅም ጊዜ የሽያጭ ውል ነበር፡፡ በሲያትል ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎችን የሚያገለግለው የፒዩጀት ኩባንያና የአሉሚኒየም አምራቹ አልኮዋ ከገዢዎቹ ዋነኞቹ ነበሩ፡፡ ገዢዎቹ ግድቡ ቢያመነጭም ባያመነጭም ድርሻቸውን ሊከፍሉ ተስማሙ፤ በምላሹ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ኃይሉን በማምረቻ ወጪው አገኙ፡፡ ካውንቲው ለራሱ ያስቀረው ትንሹን ድርሻ ነበር፤ ያም ለነዋሪው ይተርፍ ነበር፡፡ ብልህ ውል ነው ሊባል ይችላል፡፡ ዕዳው በሌሎች ገንዘብ ተከፈለ፣ ግድቡ ግን የካውንቲው ሆኖ ቀረ፡፡

ውሎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ሲያበቁ የድርድሩ ሚዛን ተገለበጠ፡፡ አሁን የሚፈልገው ገዢው፣ የሚመርጠው ደግሞ ካውንቲው ሆነ፡፡ በአዲሶቹ ውሎች ፒዩጀትና አልኮዋ እያንዳንዳቸው ከምርቱ ሩብ ያህሉን ቢይዙም የማምረቻ ወጪውን ብቻ ሳይሆን ለዕዳ ቅነሳና ለመሣሪያ እድሳት የሚውል ተጨማሪ ክፍያም እንዲከፍሉ ተደረገ፡፡ ቀሪውን ትርፍ ኃይል ድርጅቱ በጨረታ ይሸጣል፡፡ የሚሸጥበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል፡፡ ገዢው «ይህን ያህል ሜጋ ዋት ስጠኝ» አይልም፤ ከግድቦቹ ምርት ይህን ያህል በመቶ ይገዛል፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ይቆርጣል፡፡ ዓመቱ ድርቅ ሆኖ ውኃው ካነሰ ኪሳራው የገዢው ነው፡፡ ድርጅቱ ገቢው አይናጋበትም፡፡ ወንዝ ላይ ብቻ ለተንጠለጠለ ኃይል አምራች የዝናብን ነገር ለሌላ ማሸከም ቀላል ጥቅም አይደለም፡፡

ከውጭ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ነው እንግዲህ የነዋሪውን ሒሳብ የሚደጉመው፡፡ የቼላን ነዋሪ የሚከፍለው ኃይሉ እስከ ቤቱ ደርሶ የሚያስወጣውን ሙሉ ወጪ አይሸፍንም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ሩቅ ያለው ገዢ ነው፡፡ ስለዚህ በካውንቲው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሜጋ ዋት ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ድርጅቱ ውጭ በውድ ሊሸጠው ይችል የነበረውን በርካሽ እየሰጠ ነው፡፡ ነዋሪው ቤቱን በክረምት በኤሌክትሪክ ሲያሞቅ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም፡፡ ችግር የሆነው ሌላ ዓይነት ደንበኛ ሲመጣ ነው፡፡

ይህ ደንበኛ የቢትኮይን ማዕድን ቆፋሪ የሚባለው ነው፡፡ ሥራው ኮምፒውተሮችን ደርድሮ ሌሊትና ቀን ማሠራት ሲሆን ከወጪው ትልቁ መብራት ነው፡፡ የዓለምን ካርታ ዘርግቶ ርካሽ መብራት ሲፈልግ ቼላንንና ጎረቤቶቹን ዳግላስና ግራንት ካውንቲዎችን አገኘ፡፡ ሦስቱ ካውንቲዎች በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ በጠቅላላው አምስት ትልልቅ ግድቦች አሏቸው፡፡ ቼላን በ2014 መጨረሻ አዲስ ጥያቄ መቀበል አቆመ፤ በኋላ ከፈተ፤ የቢትኮይን ዋጋ በ2017 መጨረሻ ወደ 20 ሺሕ ዶላር ሲጠጋ የጥያቄው ብዛት አላስቆም ብሎ በመጋቢት 2018 ዳግመኛ ዘጋ፡፡ በግራንት ካውንቲ የቀረበው ጥያቄ ካውንቲው በሙሉ ከሚጠቀመው ኃይል ይበልጥ ነበር፡፡ ከሁሉ የከፋው በተራ መኖሪያ ቤትና ጋራዥ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተደረደሩት ማሽኖች ነበሩ፡፡ ለአንድ ሠፈር ማብሰያና ማሞቂያ ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ጭነት ሲሸከም ይግላል፣ ጎረቤትንም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፡፡

በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ክልከላ አልነበረም፤ የተለየ ታሪፍ ነበር፡፡ ቼላን በ2018 መጨረሻ ባጸደቀውና ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ በሠራበት ደንብ ቢትኮይን ቆፋሪ ኃይሉን በገበያ ዋጋ እንዲገዛ፣ ለእሱ የሚዘረጋውን መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያም አስቀድሞ እንዲከፍል ተደረገ፡፡ ግራንት ካውንቲም በዚያው ወር የራሱን ከፍተኛ ታሪፍ በሥራ ላይ አዋለ፡፡ ቆፋሪዎቹ አድልዎ ነው ብለው ቢከራከሩም ኮሚሽነሮቹ የሚፈሩት እነሱን የመረጠውን ነዋሪ እንጂ ሌላውን አልነበረም፡፡

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም፡፡ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ፈጽመው በውጭ ምንዛሪ እየከፈሉ ሲሠሩ ቆይተዋል፡፡ የተነገረው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም በጥቂቱ የሚበልጥ ነው፡፡ ማለትም የቼላን ካውንቲ ለራሱ ነዋሪ ያስቀመጠውንና ለቆፋሪ ግን የከለከለውን ዋጋ የሚያህል መሆኑ ነው፡፡ ውጭ ምንዛሪ ለተቸገረና ለተወሰነ ጊዜ ገዢ ያጣ ኃይል ለያዘ አገር ይህ ስህተት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ቼላን ለትርፍ ኃይሉ ጨረታ የሚያወጣባቸው ጎረቤቶች አሉት፣ የእኛ ግን ውስን ናቸው፡፡ ሆኖም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ቆጣሪ ባላየበት አገር ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም፡፡ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በ2025 ለዚህ ዘርፍ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን አስታውቋል፡፡

ሌላም ልዩነት አለ፡፡ የእኛ ታሪፍ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ ግድብ አጠገብ የተወለደ ሰው ቅናሽ የለውም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2018 ታሪፉ ሳይነካ የቆየውም ለሁሉም እኩል ነበር፡፡ በዋሽንግተን ግን ተራራውን ተሻግሮ ሲያትል የሚኖር ሰው የቼላኑን ብዙ እጥፍ ይከፍላል፡፡ ያው የአንድ ግዛት ውኃ ቢሆንም ማለት ነው፡፡ የቼላን ሰው «ዕዳውን የተሸከምነው እኛ ነን» ይላል፡፡ ይህ ጸሐፊ ግን ዕዳውን በአብዛኛው የከፈሉት ገዢዎቹ እንደነበሩ ልብ ይላል፡፡

ከካውንቲዎቹ በፊት በወንዙ ላይ የነበሩም አሉ፡፡ ዋናፑም የተባሉት ሕዝቦች ዓሣ የሚያጠምዱበትና የሚኖሩበት ዳርቻ በግራንት ካውንቲ ግድቦች ውኃ ተውጧል፤ በ1957 በተፈረመ ስምምነት ድርጅቱ መኖሪያ ቤትና መብራት ሊያቀርብላቸው ግዴታ ገባ፡፡ ሳልመን የተባለው ዓሣም ከባሕር ወደ ተወለደበት ጅረት ለመመለስ ግድቦቹን መሻገር አለበት፡፡ ቼላንና ዳግላስ በ2004 በጸደቀ የ50 ዓመት ስምምነት ከዓሣው 91 በመቶው እያንዳንዱን ግድብ በሕይወት እንዲያልፍ፣ ከቀረው 7 በመቶው በማራቢያ ጣቢያ፣ 2 በመቶው ደግሞ መኖሪያውን ለማሻሻል በሚውል ገንዘብ እንዲካካስ ተስማምተዋል፡፡ ይህም በሒሳቡ ውስጥ አለ፡፡

ግድብ ያረጃልም፡፡ በየካቲት 2014 የግራንት ካውንቲው ዋናፑም ግድብ ላይ 20 ሜትር ያህል ርዝመትና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ስንጥቅ ተገኝቶ ውኃው 8 ሜትር ገደማ ዝቅ እንዲል ተደርጓል፡፡ ምክንያቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራ የዲዛይን ስሌት ስህተት ነበር፡፡ ከላይ ያለው ሮክ አይላንድም ውኃው ስለወረደበት የዓሣ መሰላሎቹን ማራዘም ግድ ሆነበት፡፡

ትልልቆቹ ደንበኞችም ይቀያየራሉ፡፡ የአልኮዋ ፋብሪካ በ2016 መጀመሪያ ሥራ አቁሞ ከ400 በላይ ሠራተኞች ተበትነዋል፤ በውሉ መሠረትም ለፒዩዲው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል፡፡ በ2021 መጨረሻ ጭራሽ እንደማይከፈት ተነገረ፡፡ በአሁኑ ጊዜ ማላጋ በተባለችው የዚያው አካባቢ መንደር መሬት የገዛው ማይክሮሶፍት ነው፡፡ ሮክ አይላንድ ኃይል የሚያመነጭበት የፌዴራል ፈቃድ ደግሞ በ2028 ያበቃል፤ የአዲሱ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ምን እንደሚያስወጣ የቼላን ነዋሪ ከቆጣሪው ላይ ያየዋል፡፡