ምልክት ያለው ድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ)

ብራና፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ ቆዳ የለበሰ የእንጨት ገበታ። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ። ሰሜን ኢትዮጵያ።

ጠጋ ብለው በመስመሮቹ መካከል ይመልከቱ። ከንባቡ በላይ የሰፈሩት ደቃቅ ፊደላትና ጭረቶች ዜማው ናቸው። ፊደሎቹ ሥረይ ይባላሉ፤ በቃል ከተጠና ዜማ የተወሰዱ ቃላት አሕጽሮት ስለሆኑ፣ መሪጌታው አንዷን ሲያይ ሙሉ የዜማው ሐረግ ይመጣለታል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት የመሳሰሉት ምልክቶች ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ የት ዝቅ እንደሚልና የት እንደሚርገበገብ ያሳያሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ላልተማረ ሰው ዝም ይላል፤ ዓመታት የሚፈጀውን የቃል ትምህርት ያስታውሳል እንጂ አይተካውም።

ትውፊት ድርሰቱን ለቅዱስ ያሬድ፣ ምልክቱን ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ዘመኑ ልብ ይባል፤ በአውሮፓ የዜማ ኅትመት ከተጀመረ ብዙም አልራቀም፤ በቬኒስ ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የብዙ ድምፅ ዜማ በማተሚያ ማውጣት የጀመረው በ1501 እ.ኤ.አ. ነው። የአውሮፓ ሙዚቃም ለኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት እንግዳ አልነበረም፤ በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ኦርጋን ከነተጫዋቹ ይዞ ነበር።

የድጓ ሊቃውንት ዛሬም በደቡብ ጎንደር፣ በቤተልሔም ዕውቀታቸውን ያስመሰክራሉ።