ድምፃዊት ኤደን አለነ፦ ከቴሌቪዥን ውድድር እስከ ሮተርዳም መድረክ

በሮቫ ዛይንም ሆነ በሌሎች የአሽዶድ ሰፈሮች ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የዚህችን ወጣት ስም ሳይሰማ አልቀረም። ይሁን እንጂ ታሪኳን ከመጀመሪያው በአማርኛ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። በተለይ በዕብራይስጥ የሚተላለፈውን ለመከታተል ለሚቸገሩ እናቶችና አባቶች።

ኤደን አለነ ሜይ 7 ቀን 2000 በኢየሩሳሌም ተወለደች። ቤተሰቧ ከኢትዮጵያ የመጣ ሃይማኖተኛ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ሲሆን፣ ያሳደጓት እናቷ ብቻቸውን ናቸው። ልጅነቷን ያሳለፈችው በኢየሩሳሌም ካታሞን ሰፈር ነው። ኋላም ወደ ኪርያት ጋት ተዛወሩ። ከዘፈኑ በፊት ለብዙ ዓመታት የባሌ ዳንስ ተምራለች። መድረክ ላይ ስትቆም የሚታየው አቋቋምና የሰውነት አያያዝ ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ሕዝብ ያወቃት «ኤክስ ፋክተር እስራኤል» በተባለው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ነው። በ2018 መጀመሪያ ላይ የውድድሩን ሦስተኛ ዙር ስታሸንፍ ገና 18 ዓመት አልሞላትም ነበር። በዚያው ዓመት «ቤተር» የተሰኘ የእንግሊዝኛ ዘፈን አወጣች። ቀጥሎም እንደ እኩዮቿ ወደ ጦር ሠራዊቱ ገባች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የቴሌቪዥን ውድድር ማሸነፍና በዘፈን እንጀራ መብላት የተለያዩ ናቸው። የዚሁ የኤክስ ፋክተር የመጀመሪያ ዙር አሸናፊ በ2014 ሮዝ ፎስታኔስ የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች። አረጋውያንን ለመንከባከብ የመጣች ሠራተኛ ስለነበረች የነበራት ቪዛ ለዚያ ሥራ ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ዘፍና ገንዘብ ለማግኘት የተለየ ፈቃድ አስፈልጓታል። ለእኛ ልጆች የቪዛ ጉዳይ ባይኖርም፣ ካሸነፉ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ግን የሁሉም ነው። ዘፈን የሚጽፍላቸው፣ ስቱዲዮ የሚከፍልላቸው፣ ሬድዮ ላይ የሚያስገባቸው ሰው መገኘት አለበት።

ከኤደን በፊት ይህን መንገድ የከፈተችው የስዴሮቷ ሐጊት ያሶ መሆኗ ይታወሳል። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በእግር የወጡ ናቸው። ሐጊት በ2011 «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን ትልቁን ውድድር አሸነፈች፤ ከኢትዮጵያ ከመጣ ቤተሰብ እዚያ ደረጃ የደረሰ ከእርሷ በፊት አልነበረም። ስዴሮት ሲረን ሲጮህ ለመሸሸግ 15 ሰከንድ ብቻ የሚሰጥባት ከተማ ናት። ልጅቷ ያደገችው በዚያ ውስጥ ነው። ኋላም ወደ ሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ማኅበረሰቦች እየተጓዘች ዘፍናለች።

ወደ ኤደን እንመለስ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 «ሃኮኻቭ ሃባ» የተባለውን ውድድር አሸነፈች። የዚህ ውድድር ሽልማት ገንዘብ ሳይሆን እስራኤልን ወክሎ ወደ ዩሮቪዥን መሄድ ነበር። በ2018 ዩሮቪዥንን ያሸነፈችው ኔታ ባርዚላይም የወጣችው ከዚሁ መድረክ ነው። በዚህ ድል ኤደን ለዩሮቪዥን የተመረጠች የመጀመሪያዋ የቤተ እስራኤል ልጅ ሆነች። ማርች 3 ቀን 2020 ደግሞ የምትዘፍነው ተመረጠ፦ «ፍቅር ልቤ»።

ደራሲዎቹ ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይኸል ናቸው። ኢዳን ራይኸል በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አማርኛን በዕብራይስጥ ሬድዮ ያሰማ መሆኑን አብዛኞቻችን እናውቃለን። «ፍቅር ልቤ» በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በዓረብኛ የተቀላቀለ ነው። እውነቱን ለመናገር በአማርኛችን ደንብ «የልቤ ፍቅር» ቢባል ይቀና ነበር። ቢሆንም ብዙ ልጆች ከአያታቸው ጋር በአማርኛ መነጋገር ባቃታቸው ዘመን፣ ቋንቋው በአገሪቱ ስም ሊቀርብ መመረጡን እንደ ቀላል ነገር የምናየው አይደለም።

ነገር ግን አልሆነም። ዘፈኑ በተመረጠ በ15ኛው ቀን፣ ማርች 18 ቀን 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። የ2020 ዘፈኖች በሚቀጥለው ዓመት እንዳይቀርቡም ተወሰነ። የማሰራጫ ድርጅቱ «ካን» ዘፋኟን አስቀረ፤ ዘፈኑ ግን ቀረ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2021 «ሴት ሚ ፍሪ» የተባለ አዲስ ዘፈን ተመረጠላት። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆን ጥቂት ዕብራይስጥ አለበት፤ አማርኛ የለበትም። በኋላ ዘፈኑ ሲሻሻል እጅግ ቀጭንና ከፍ ያለ እንደ ፉጨት የሚሰማ ድምፅ ገባበት፤ በዩሮቪዥን ታሪክ ከተሰሙት ድምፆች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነም በሰፊው ተዘገበ።

ሮተርዳም የነበረችው እኛ እዚህ በሮኬት ውስጥ በነበርንበት ጊዜ ነው። ከሜይ 10 እስከ 21 ቀን 2021 በቆየው ውጊያ አሽዶድ በተደጋጋሚ ተተኩሶባታል። የመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ ሜይ 18 ምሽት ሲካሄድ የከተማችን ቤተሰቦች ጆሯቸው በሲረኑ፣ ዓይናቸው በቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። ኤደን በ192 ነጥብ አምስተኛ ሆና አለፈች። ተኩሱ በቆመ ማግስት፣ ሜይ 22፣ በፍጻሜው ከ26 አገሮች 17ኛ ወጣች። ከ93ቱ ነጥብ 73ቱ ከባለሙያ ዳኞች፣ 20ው ብቻ ከተመልካች የመጣ ነው። ዳኞቹ ድምፅዋን ሲያደንቁ የተመልካቹ ምርጫ ለምን እንዲህ እንዳነሰ ብዙ ተብሏል፤ በዚያ ሳምንት የነበረውን የፖለቲካ አየር ግን መርሳት አይቻልም።

ውድድሩ ሆላንድ ውስጥ የተደረገበት ምክንያትም የሚነገር ነው። በ2019 ቴል አቪቭ ላይ ያሸነፈው ሆላንዳዊው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ደንከን ሎሬንስ ነበር። እርሱም በ2014 «ዘ ቮይስ ኦፍ ሆላንድ» በተባለ የቴሌቪዥን ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ወድቋል። በ2021 ደግሞ ሆላንድን የወከለው በሱሪናም የተወለደው ጃንጉ ማክሮይ ሲሆን፣ የዘፈኑን ክፍል በትውልድ አገሩ በስራናን ቋንቋ አቀረበ። ውጤቱ 23ኛ ነበር፤ ከተመልካች አንድም ነጥብ አላገኘም። ኤደን በአማርኛ ዘፍና ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ይገጥማት እንደነበር ማን ያውቃል?

በመጨረሻ ልጃቸው ወደ ውድድር ልግባ ላለቻቸው የሰንበት ጠባቂ ቤተሰቦች አንድ መረጃ። የዩሮቪዥን ፍጻሜ በእኛ አቆጣጠር ሰንበት ከወጣ በኋላ ቢጀምርም፣ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡበት ዝግጅት ዓርብ ማታ፣ የመጨረሻው ልምምድም ቅዳሜ ከሰዓት ሲደረግ ቆይቷል። በ2019 «ሻልቫ» የተባለው የአካል ጉዳተኞች ሙዚቃ ቡድን «ሃኮኻቭ ሃባ»ን ለማሸነፍ ተቃርቦ ሳለ በዚሁ ምክንያት ራሱን ከውድድሩ አገለለ። በዚያ ዓመት እስራኤልን የወከለው ኮቢ ማሪሚ ሲሆን፣ «ሻልቫ» ግን ሐሙስ ቀን በዋለው ሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ በቴል አቪቭ መድረክ ላይ በእንግድነት ዘፍኗል።